ከሴሪዮስ እስከ ፎርት ሳምነር፤ አንድ የካውቦይ ፊልም ተከትሎ የተደረገ የአምስት ቀን ጉዞ

«ያንግ ገንስ» የተባለውን የካውቦይ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1985 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈራችን በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን እንቀመጥ ነበር፤ ከመካከላችን እንግሊዝኛውን አጥርቶ የሚሰማ ስላልነበረ ታሪኩን የምንከታተለው በተኩሱና በተዋንያኑ ፊት ነው። በሰፈራችን ሕግ የፊልሙ ዋና ሰው «አክተር» ይባላል፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። ይህ ፊልም ግን ስድስት ወጣቶችን ጎን ለጎን አሰልፎ ስላመጣብን አክተሩ የትኛው እንደሆነ መስማማት አቃተን፤ ቻርሊ ሺን ነው ብሎ የተወራረደው ልጅም ፊልሙ ሳያልቅ ገንዘቡን ተበላ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አሁን በምኖርበት በዴንቨር ሆኜ ፊልሙን እንደገና ሳየው፣ በልጅነቴ ያላስተዋልኋቸው ጉድለቶች አንድ በአንድ ወጡብኝ፤ መሳቄንና መጓጓቴን ግን አልተውሁም። ፊልሙ የሚተርከው በ1878 በኒው ሜክሲኮ የተካሄደውን የሊንከን አውራጃ ጦርነት ነው፤ አገሩም ከዴንቨር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ የሆነውን የእህቴን ልጅ ይዤ በጥቅምት ወር ተነሣሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

አንደኛ ቀን፤ ከዴንቨር እስከ ሳንታ ፌ

ወደ 390 ማይል የሚጠጋው መንገድ አብዛኛው ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ስለሆነ ብዙ የሚጻፍ የለውም። ኮሎራዶን ከኒው ሜክሲኮ የሚለየውን የራቶን በር ስንሻገር አገሩ ሰፋ፣ ሰማዩም ከፍ አለ። ሳንታ ፌ ስንደርስ መሽቶ ነበርና በየምግብ ቤቱ በር የሚጠበሰው አረንጓዴ ቃሪያ ሽታ ተቀበለን። አስተናጋጇ «ቀዩን ነው አረንጓዴውን?» ብላ ስትጠይቀን የእህቴ ልጅ ስለ ወጥ የተጠየቀ መስሎት በአማርኛ «ቀይ» ብሎ መለሰላት።

ማታ በሆቴሉ ክፍል ፊልሙን አብረን አየነው። እንግሊዛዊው ከብት አርቢ ጆን ተንስታል መጠጊያ የሌላቸውን ወጣቶች በእርሻው ሰብስቦ ንባብና የማዕድ ሥርዓት ያስተምራል፤ የአውራጃውን ንግድ በሞኖፖል የያዘው የመርፊ ሰዎች ይገድሉታል፤ ልጆቹ ነፍሰ ገዳዮቹን እንዲይዙ በሕግ ይሾማሉ፤ ከመካከላቸው ቢሊ ዘ ኪድ የተባለው ከመያዝ ይልቅ መግደሉን ስለሚመርጥ ሁሉም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሕግ አስከባሪነት ወደ ሽፍትነት ይሻገራሉ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኬይን፣ ደራሲው ጆን ፉስኮ ናቸው። ቢሊን ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ፣ ግጥም ወዳዱን ዶክ ስከርሎክን ኪፈር ሰዘርላንድ፣ ቻቬዝን ሉ ዳይመንድ ፊሊፕስ ይጫወታሉ። በ1980ዎቹ የነበረው የኤሌክትሪክ ጊታርና የሲንተሳይዘር ሙዚቃ በፈረስ ግልቢያው ላይ ሲለቀቅ፣ የፀጉር አቆራረጣቸውም ከካውቦይ መጠጥ ቤት ይልቅ ከዲስኮ የወጡ ሲያስመስላቸው፣ የእህቴ ልጅ ትራስ ውስጥ ገብቶ ሳቀ። ሳቁን ግን ኤስቴቬዝ ራሱ በሚስቅባቸው ቦታዎች ላይ አቆመ። ሰው ከገደለ በኋላ እንደ ሕፃን የሚፍለቀለቀው ያ ፊት ያስፈራል፤ ፊልሙ በእውነት የራሱ የሆነ ነገር ካለውም እርሱ ነው።

ሁለተኛ ቀን፤ የገዥው ቤትና ሐሰተኛዋ ሊንከን

ጠዋት በከተማዋ አደባባይ ያለውንና በ1610 እንደተሠራ የሚነገርለትን የገዥዎች ቤተ መንግሥት ጎበኘን። በሊንከን የነበረው ደም መፋሰስ ካየለ በኋላ በ1878 መገባደጃ የተሾመው ገዥ ሉ ዋላስ፣ ቤን ሃር የተባለውን መጽሐፉን የጨረሰው በዚህ ቤት ነው። ይኸው ሰው በመጋቢት 1879 ከቢሊ ጋር በድብቅ ተገናኝቶ፣ ስላየው ግድያ ቢመሰክር ምሕረት እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ልጁ መሰከረ፤ ምሕረቱ ግን አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ሳንታ ፌ ታስሮ ሳለ ለገዥው ደጋግሞ ደብዳቤ ቢጽፍም መልስ አላገኘም። ጉዳዩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልተዘጋም ነበር፤ ገዥው ቢል ሪቻርድሰን ሥልጣኑን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 2010፣ ምሕረቱን እንደማይሰጥ አስታወቀ። ፊልሙ በ1878 ስለሚያበቃ ይህን ሁሉ አይነካም።

ከሳንታ ፌ በስተደቡብ፣ በ14 ቁጥር መንገድ፣ ሎስ ሴሪዮስ የምትባል የቀድሞ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር አለች። ፊልሙ ውስጥ ሊንከን ተብላ የምትታየው እርሷ ናት። ጎዳናዋ ዛሬም አስፋልት አልነካውም፤ ከእንጨት የተሠሩት የሱቅ ግንባሮች ቆመዋል፤ አንድ ውሻ መሐል መንገድ ላይ ተኝቶ መኪናችን እንድትዞርለት ጠበቀ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ትዕይንቶቹን ከቤቶቹ ጋር እያመሳከረ ግማሽ ሰዓት ያህል ተመላለሰ። እውነተኛዋ ሊንከን ከዚህ ከ150 ማይል በላይ ትርቃለች፤ ልዩነቱ የርቀት ብቻ እንዳልሆነ ግን በማግስቱ ነው የገባን። ሴሪዮስ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ያመጣት የእንጨት ከተማ ስትሆን፣ ሊንከን የጭቃ ጡብ ከተማ ናት። የእንጨቷ ከተማ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን የካውቦይ ዓለም ስትመስል፣ የጭቃዋ ከተማ ግን የሌላ ሕዝብ እጅ ያረፈባት ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነበር። የሪዮ ግራንዴን ወንዝ ተከትለን ወደ ደቡብ ወርደን፣ በ380 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጠፍን፤ ካሪዞዞ ከመድረሳችን በፊት 44 ማይል ያህል የተዘረጋውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሻገርን። ማረፊያችንን ከሊንከን በስተምዕራብ 12 ማይል ላይ ባለችው በካፒታን አደረግን።

ሦስተኛ ቀን፤ ሊንከን

ሊንከን አንድ ጎዳና ብቻ ናት። በቦኒቶ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥድ በተበታተነባቸው ኮረብታዎች መካከል፣ መንገዱን ይዘው ግራና ቀኝ የተሰለፉት ቤቶች በአንድ ጠዋት በእግር ያልቃሉ። ሆኖም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገብተን ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አልወጣንም።

የጀመርነው በተንስታል መደብር ነው። መደርደሪያዎቹና ባንኮኒው ከዘመኑ የቀሩ ናቸው፤ በላያቸው ያሉት ቆርቆሮዎች፣ የጨርቅ ጣቃዎችና የመድኃኒት ጠርሙሶች ለጎብኚ ታስበው የተደረደሩ ሳይሆን ባለሱቁ አሁን ወደ ጓሮ የወጣ ያስመስላሉ። እዚህ ቆሞ ነው ጦርነቱ ስለ ምን እንደነበር የሚገባው። መርፊና ሸሪኩ ዶላን፣ ሰዉ በአጭሩ «ቤቱ» እያለ ይጠራው በነበረው መደብራቸው አማካይነት፣ ለስታንተን ምሽግ ወታደሮችና ለሜስካሌሮ አፓቼዎች ሥጋና ዱቄት የማቅረቡን የመንግሥት ውል ይዘው፣ ገበሬውንም በዱቤ አስረው ይኖሩ ነበር። በ1877 ተንስታል ከጠበቃው ከአሌክሳንደር መክስዊን ጋር ሆኖ፣ ቺዘም የተባለውን የከብት ባለጸጋ ከጀርባው አድርጎ፣ በዚያው ጎዳና ተፎካካሪ መደብርና ባንክ ከፈተ። ግጭቱን ያቀጣጠለው ደግሞ የ10,000 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። ከ«ቤቱ» መሥራቾች አንዱ ሲሞት ገንዘቡን ያስለቀቀው መክስዊን ነበርና ዶላን ድርሻ አለኝ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤት የመክስዊን ንብረት እንዲታገድ ሲያዝ የተንስታልም ከብት አብሮ ተቆጠረ፤ ከብቱን ሊያግዱ ከሄዱት ሰዎች የተወሰኑት በየካቲት 18 ቀን 1878 ተንስታልን ዱር ውስጥ ገደሉት። ፊልሙ ስለ ኢንሹራንሱ ትንፍሽ አላለም። ነገሩን ላስረዳው የሞከርሁት የእህቴ ልጅ ደግሞ «ታዲያ ነጋዴዎች በነጋዴዎች ላይ ነው እንጂ ምኑ ነው የልጆቹ ጠብ?» አለኝ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ጥያቄ ሳይፈሩት አልቀሩም።

ጥያቄውን ያመለጡበት ዘዴ አባት መፍጠር ነው። በፊልሙ ተንስታልን የተጫወተው ቴረንስ ስታምፕ በወቅቱ ሃምሳ ዓመት የደረሰ፣ ሽበት የጣለበት ሰው ነው፤ ወጣቶቹ የሚበቀሉት እንደ አባት ደም ነው። ከመደብሩ ግድግዳ የተሰቀለው ፎቶ የሚያሳየው ግን ጺሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው። እውነተኛው ተንስታል ሲገደል 24 ዓመቱ ነበር። ዶክ ስከርሎክ፣ ቻርሊ ባውድሬና ዲክ ብሪወር ሁሉም ይበልጡታል፤ ከእርሱ የሚያንሰው 18 ዓመት ገደማ የነበረው ቢሊ ነው። እኔ ይህን የፊልሙ ትልቁ የባከነ ዕድል አድርጌ ነው የምቆጥረው። ገዳዩም ሟቹም፣ አሠሪውም ተቀጣሪውም ወጣት የሆነበት፣ አዋቂ የሌለበት አውራጃ ከአባትና ልጅ ተረት ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው።

ከመደብሩ አጠገብ የመክስዊን ቤት የነበረበት ቦታ ባዶ ሜዳ ነው። ፊልሙ የሚጠናቀቀው እዚህ በተደረገው ከበባ ሲሆን፣ ልጆቹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተው ይዋጋሉ፤ ቤቱ ሲነድ ትልቅ ሳጥን በመስኮት ይወረወርና ቢሊ ከውስጡ እየተኮሰ ይወጣል። በቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያን ጊዜ የተጮኸው ጩኸት ዛሬም በጆሮዬ አለ። እውነተኛው ቤት ግን ፎቅ አልነበረውም፤ ሦስት ጎን ያለው የጭቃ ጡብ ቤት ነበር። ከበባውም ከሐምሌ 15 እስከ 19 አምስት ቀን ፈጅቷል። በመጨረሻው ቀን ኮሎኔል ደድሊ ከስታንተን ምሽግ ወታደር፣ መድፍና ጋትሊንግ የተባለውን መትረየስ ይዞ መጣ። ፊልሙ መክስዊንን በዚያ መትረየስ ይገድለዋል፤ በእውነቱ መትረየሱ አንዲት ጥይት አልተኮሰም፤ አቅጣጫውን ማዞሩ ብቻ የመክስዊን ደጋፊዎች በብዛት ከተማዋን ለቀው እንዲሄዱ በቂ ነበር። የጭቃ ጡብ እንደ እንጨት ቦግ ብሎ አይነድምና እሳቱ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከክፍል ወደ ክፍል እየተሻገረ፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ወደ አንድ ጥግ እየገፋ ሄደ። ሲጨልም ቢሊና ጥቂት ሰዎች ወደ ወንዙ ሮጡ፤ ዘግይቶ የወጣው መክስዊን በጓሮው ወደቀ። ሳጥን የለም፣ መስኮት የለም፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ግድግዳ ብቻ ነው። ይህን ቀስታ የሚያሳይ ካሜራ ቢኖር እንዴት ያለ ፊልም በሆነ ነበር!

ከእርሱ ጋር በዚያ ጓሮ የሞቱት ሰዎች ስም ነው ቀሪውን ቀን የወሰደብን። አንደኛው ሃርቪ ሞሪስ ነው፤ ሌሎቹ ፍራንሲስኮ ሳሞራና ቪሴንቴ ሮሜሮ ናቸው። ይሂኒዮ ሳላዛር የተባለው ወጣት ደግሞ ቆስሎ ከሬሳዎቹ መካከል እንደ ሞተ ሰው ተዘርግቶ ከቆየ በኋላ በጨለማ ተሳቦ አመለጠ። በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ባለው መካነ መቃብር የእርሱን ድንጋይ አገኘነው፤ በ1936 ነው የሞተው፤ በስሙ ሥር «የቢሊ ዘ ኪድ ጓደኛ» የሚል ተቀርጿል። የእህቴ ልጅ አማርኛ ማንበብ ገና እየተንተባተበ ቢሆንም ስፓኒሽ በትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምሯልና የዙሪያውን መቃብሮች ጽሑፍ እየዞረ ያነብልኝ ጀመር። ከእያንዳንዱ ሦስት ድንጋይ ሁለቱ ስፓኒሽ ስም የያዘ ነበር። ከዚያ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ፊልሙ ውስጥ የታሉ?» አለኝ።

በቂ መልስ አልነበረኝም። ከተማዋ በ1869 ሊንከን ከመባሏ በፊት ስሟ ስፓኒሽ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር የቆመው ክብ የድንጋይ ግንብ የአፓቼዎችን ጥቃት ለመከላከል የተሠራው በእነዚሁ ነዋሪዎች ነው፤ በከበባው ጊዜ ማርቲን ቻቬዝ የተባለ ሰው ብዙ የአገሩን ተወላጆች እየመራ ከመክስዊን ጎን ተሰልፏል። ቢሊ ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአሳዳጆቹ ተሰውሮ የኖረው እነርሱ ስላበሉትና ስለደበቁት ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወደ አንድ ሰው ጠቅልሎታል፤ ያንን አንዱን፣ ሆሴ ቻቬዝ ይ ቻቬዝን እንኳ፣ ቢላዋ ወርዋሪ ናቫሆ አድርጎ ቀይሮታል። የአገሩ ሰው ጠፍቶ በምትኩ የተቀመጠው ፔዮቴ የተባለውን የሚያሰክር ቁልቋል ለጓደኞቹ የሚያጠጣ ባሕታዊ ነው። ያ የስካር ትዕይንት የፊልሙ አስቂኙ ክፍል መሆኑን አልክድም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ሆነን ስናስታውሰው እንኳ ሁለታችንም ሳቅን። ፔዮቴ በናቫሆዎች ዘንድ የተስፋፋው ግን ከዚያ ግማሽ ምእተ ዓመት ቆይቶ ነው። የሞቱበት ቀን ቢዛባ፣ ቤቱ ፎቅ ቢጨመርለት ፊልም ነውና እቀበላለሁ፤ ባለአገሩ ከገዛ ከተማው መውጣቱን ግን መቀበል ከበደኝ።

የመርፊ «ቤት» የነበረው ባለ ፎቅ ሕንፃ በኋላ ፍርድ ቤት ሆኗል። ሚያዝያ 28 ቀን 1881 ሞት የተፈረደበት ቢሊ ከዚህ ያመለጠበትን ደረጃ ወጥተን አየነው፤ ጠባቂውን ቤልን ከገደለበት ጥይት የቀረ ነው የሚባለው ቀዳዳ ከደረጃው ሥር በግድግዳው ላይ ይታያል። ሌላው ጠባቂ ኦሊንገር ከመንገዱ ማዶ ምሳ ላይ ነበር፤ ተኩሱን ሰምቶ ሲሮጥ ቢሊ ከላይኛው መስኮት በራሱ በኦሊንገር ጠመንጃ ጠበቀው። የእህቴ ልጅ በዚያ መስኮት ራሱን አውጥቶ ብዙ ቆየ። መርፊ በፊልሙ መጨረሻ በቢሊ ጥይት ግንባሩን ተመትቶ ይወድቃል፤ እውነተኛው መርፊ ከከበባው ሦስት ወር ቆይቶ በሳንታ ፌ በሕመም ሞተ። መርፊን የተጫወተውን ጃክ ፓላንስን በአልጋ ላይ ለማስሞት የሚደፍር ፊልም ሠሪ አይኖርም መቼም።

ማታ፣ በእራት ላይ፣ ልጁ እነዚህን ሰዎች በአማርኛ ምን እንደምንላቸው ጠየቀኝ። ሽፍታ አልሁት፤ ቀጥዬም ሽፍታና ወንበዴ አንድ እንዳልሆኑ፣ ሽፍታ ፍርድ ጎደለብኝ፣ ርስቴን ተቀማሁ ብሎ ዱር ቤቴ ያለ ሰው ሊሆን እንደሚችልና ከአንዳንዱም መኳንንት እንደወጡ ነገርሁት። «ስለዚህ ቢሊ ሽፍታ ነው፤ መርፊ ወንበዴ ነው» ብሎ ደመደመ። ነገሩ ግን እንዲህ አልቀለለኝም። ቢሊና ጓደኞቹ፣ ሬጉሌተርስ የተባሉት፣ በእጃቸው ከአጥቢያ ዳኛው የተሰጠ የመያዣ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ሸሪፍ ብሬዲም በሌላ በኩል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበረው፤ ገዥው የአጥቢያ ዳኛውን ሹመት ሲሽር ልጆቹ አልጋቸው ላይ ተኝተው ሽፍታ ሆነው አደሩ። ሚያዝያ 1 ቀን ብሬዲን ከተንስታል መደብር አጥር ጀርባ አድፍጠው ሲገድሉት ደግሞ የቀረላቸውን የሕዝብ ርኅራኄ አጎደሉት። ፊልሙ ይህን መገለባበጥ ባይተነትነውም አጣጥሎ አላለፈውም፤ ልጆቹ የሹመት ምልክታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንደ መጫወቻ ሲኩራሩበት ይታያሉ፤ ያ ትክክል ነው።

አራተኛ ቀን፤ ሜስካሌሮ

በሩይዶሶ በኩል ወደ ሜስካሌሮ አፓቼዎች ይዞታ ወረድን። ቀድሞ የብሌዘር ወፍጮ ይባል በነበረው ቦታ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1878፣ በክሾት ሮበርትስ የተባለ አንድ ብቸኛ ሰው ሬጉሌተርሶችን ከቧቸው እንደነበር ያህል ተዋግቷቸዋል። በፊልሙ ለሽልማት ሲል ሊገድላቸው የመጣ አዳኝ ነው፤ ከሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ ይታኮሳቸዋል። በእውነቱ ሰውዬው ጠቡን ትቶ አገሩን ሊለቅ የተሰናዳ፣ የመሬቱን ሽያጭ ቼክ በፖስታ ሊቀበል የመጣ ነበር። ሆዱን ከተመታ በኋላ ወደ ቤት ገብቶ ያገኘውን ጠመንጃ አንሥቶ፣ ከርቀት የብሪወርን ግንባር መታው፤ ሮበርትስም በማግስቱ ሞተ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀበሩ። ብሪወርን በፊልሙ የተጫወተው ቻርሊ ሺን ነውና የሰፈራችን ተወራራጅ ገንዘቡን የተበላው እዚህ ነው። ብሪወር የቡድኑ መሪ ስለነበር ከሞቱ በኋላ ነው ቢሊ ቀስ በቀስ ጎልቶ የወጣው፤ ፊልሙ ይህን በደንብ ተጠቅሞበታል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሮዝዌል ነድተን አደርን። ከተማዋ በጠፈር እንግዶች ምስል ከመሸፈኗ በቀር ስለ እርሷ የምለው የለም።

አምስተኛ ቀን፤ ፎርት ሳምነርና መልስ

ከሮዝዌል እስከ ፎርት ሳምነር ያለው ሜዳ አንድም ዛፍ የለበትም ማለት ይቻላል። የቢሊ መቃብር በቀድሞው የወታደር መካነ መቃብር ውስጥ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። ፍርግርጉ የተሠራው ሽፍታው እንዳያመልጥ ሳይሆን ድንጋዩ እንዳይሰረቅ ነው፤ የመቃብር ድንጋዩ በ1950 ተሰርቆ በ1976 ቴክሳስ ውስጥ ተገኝቷል፤ በ1981 እንደገና ተሰርቆ ከካሊፎርኒያ ተመልሷል። ከአጠገቡ ባውድሬና ኦፎሊያርድ አሉ፤ በትልቁ ድንጋይ ላይ «ጓደኛሞች» የሚል ነጠላ ቃል ተጽፏል። ፊልሙም የሚያበቃው በዚህ ቃል ነው፤ ስሜቱን ለመንካት ሲል ግን ባውድሬን በሊንከን ከበባ አስቀድሞ ገድሎታል፤ እርሱ የሞተው ከዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1880፣ በስቲንኪንግ ስፕሪንግስ ነው። ዶክ ስከርሎክ ደግሞ በፊልሙ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ ይባላል፤ እውነተኛው በቴክሳስ እስከ 1929 ኖሮ በእርጅና ሞተ።

ከመቃብሩ ብዙም ሳይርቅ የቦስኬ ሬዶንዶ መታሰቢያ አለ። ከ1863 ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ የአሜሪካ ጦር ከ8,000 በላይ ናቫሆዎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜስካሌሮ አፓቼዎችን እየነዳ ያጎረው በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ውኃው ጨዋማ፣ እህሉ በትል የሚበላ፣ ማገዶው የራቀ ነበርና ብዙዎቹ አለቁ። ሰኔ 1 ቀን 1868 በተፈረመ ውል ነው የተረፉት ናቫሆዎች ወደ አገራቸው የተመለሱት። በፊልሙ ውስጥ ቻቬዝ፣ ሕዝቡ በመርፊ የሥጋ ንግድ ተርቦ እንዴት እንደተፈጀ እሳት ዳር ተቀምጦ ይተርካል። ያን ትረካ ፊሊፕስ ሲናገረው ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። የተናገረው ቦታ ግን የፈጠራ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ግን እዚህ፣ ፊልሙ ራሱ በሚያበቃበት መቃብር አጠገብ ነበር። በመቃብሩ ዘንድ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል፤ በመታሰቢያው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

ቢሊ የተገደለበት የማክስዌል ቤት የለም፤ ቦታውን የሚጠቁም ጽሑፍ ብቻ ቆሟል። ሐምሌ 14 ቀን 1881 ሌሊት ሸሪፍ ፓት ጋሬት በፒት ማክስዌል መኝታ ክፍል ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ሳለ ቢሊ ገባ። በክፍሉ ሌላ ሰው እንዳለ ሲሰማው «ኪየን ኤስ? ኪየን ኤስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጋሬትም በድምፁ አውቆት ተኮሰ። የእህቴ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ፣ ለእኔ ለመተርጎም ሳይሆን ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ «ማነው? ማነው?» አለ። ከኒው ዮርክ የመጣ ነው የሚባልለት፣ በሆሊዉድ እንግሊዝኛ ሲፎክር ያደግንበት ልጅ፣ የመጨረሻ ቃሉ ስፓኒሽ ነበር። በተለያዩ ሁለት ፊልሞች ኤስቴቬዝ ተጫውቶታል፤ ሆኖም ቢሊ ያን ቋንቋ ሲናገር የኖረበት ዓለም በአንዳቸውም ውስጥ በቅጡ አይታይም።

በሳንታ ሮዛ በኩል ወደ ሰሜን ወጥተን ለምሳ የቆምነው በኒው ሜክሲኮዋ ላስ ቬጋስ ነው። እውነተኛው ቻቬዝ ይ ቻቬዝ ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ፖሊስ ሆኖ ነበር፤ በሥውርም የአንድ ወንበዴ ቡድን አባል ሆኖ ሰው ገደለ፤ ስቅላት ተፈርዶበት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት፤ በ1909 በምሕረት ወጥቶ እስከ 1924 ኖረ። ቀን ቀን ሕግ አስከባሪ፣ ሌሊት ሌሊት ወንበዴ የሆነ ሰው! ቢላዋ ከሚወረውረው የፊልሙ ቻቬዝ ጋር ስምና የአባት ስም ብቻ ነው የሚያገናኛቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ ዴንቨር ያለው መንገድ ረጅም ስለነበር የእህቴ ልጅ በ1990 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል በስልኩ ከፈተ። ፊልሙ የሚጀምረው በ1950 አንድ ቴክሳሳዊ ሽማግሌ «ቢሊ ዘ ኪድ እኔ ነኝ፤ ጋሬት የገደለው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ምሕረት ሲጠይቅ ነው። ብራሺ ቢል ሮበርትስ የተባለው ይህ ሰው በእውነት ነበር፤ በኅዳር 1950 የኒው ሜክሲኮው ገዥ ፊት ቀርቦ አልታመነም፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሃይኮ ከተማ ሞተ። ልጁ ፊልሙን አቁሞ ሃይኮ ስንት ሰዓት እንደሚያስነዳ ፈለገ፤ ቁጥሩን ሲያየው አፉን በእጁ ያዘ። ደግሞ ከፈተው፤ ራቶንን ሳንሻገር ግን ስልኩ በደረቱ ላይ እንደበራ እንቅልፍ ወሰደው።